ቬበር በኩሬው ዳር ያየው

የጀርመናዊውን የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ የማክስ ቬበርን «የፕሮቴስታንት ሥነ ምግባርና የካፒታሊዝም መንፈስ» ሳያነቡ የሚጠቅሱት ካነበቡት ሳይበልጡ አይቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 በመጽሔት በሁለት ክፍል የወጣው ይህ ሥራ በብዙዎች አፍ «ፕሮቴስታንት ታታሪ ስለሆነ ከበረ» ወደሚል ወሬ ወርዷል። ቬበር ያለው ሌላ ነው። የካልቪን ተከታይ ማን እንደሚድን አስቀድሞ ተወስኗል ብሎ ያምናል፤ ከተመረጡት መሆኑን የሚያረጋግጥለት ካህን ግን የለም። ጭንቀቱን የሚያስታግሰው ሥራውን ከእግዚአብሔር እንደተሰጠ ጥሪ ቆጥሮ በመትጋት ነው። ትርፉን በቅንጦት እንዳያጠፋው ሃይማኖቱ ስለሚከለክለው ገንዘቡ ተመልሶ ንግዱ ውስጥ ይገባል።

ሐሳቡ ይማርካል፤ ማስረጃው ግን ሳሳ ያለ ነው። ቬበር ገና ሲጀምር ስለ ጀርመኗ ባደን ተማሪዎች ያቀረበው ሰንጠረዥ አንዱ መስመር ሲደመር 109 በመቶ ይመጣል፤ ለፕሮቴስታንቶቹ 59 መባል የነበረበት 69 ተብሏል። የፍሎረንስ ሜዲቺዎችና የአውግስበርግ ፉገሮችም ካቶሊክ ሆነው፣ ካልቪን ገና ሳይሰብክ፣ ትልልቅ የገንዘብ ቤቶች ነበሯቸው። ቤከርና ቮስማን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት የፕራሻ ፕሮቴስታንቶችን ብልጫ በዋናነት ከማንበብና መጻፍ ጋር አያይዘውታል። ሉተር ምእመን ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን ራሱ እንዲያነብ ይሻ ነበርና።

ለእኔ የሚበልጠው ቬበር ስለ አሜሪካ የፕሮቴስታንት ማኅበራት የጻፈው አጭር ጽሑፍ ነው። በ1904 ሰሜን ካሮላይና ዘመዶቹ ዘንድ ሄዶ ሳለ፣ ባፕቲስቶች በቀዝቃዛ ኩሬ ውስጥ ሲጠመቁ ያያል። አብሮት የቆመው ዘመዱ ከተጠማቂዎቹ አንዱን እያየ ነገሩን ያስረዳዋል፤ ሰውዬው ባንክ ሊከፍት አስቧል። ባፕቲስቶች ጠባዩን መርምረው ከተቀበሉት፣ ባፕቲስት ያልሆነውም የአካባቢው ሰው ገንዘቡን አምኖ ያስቀምጥበታል። እቁብ የጣለ ሰው ዋስ ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ኩዌከሮች የሚባሉት የእንግሊዝ ፕሮቴስታንቶች ታሪክም ከዚህኛው ጽሑፍ ጋር ይስማማል። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ ለረጅም ዘመን በር ስለዘጉባቸው፣ መሐላም ስለማይምሉ፣ የመንግሥት ሹመት ሲርቃቸው ወደ ንግድ አዘነበሉ። ዕዳውን መክፈል አቅቶት የከሰረ አባል ከጉባኤው ሊባረር ይችል ነበር። ባርክሌይስና ሎይድስ ባንኮች፣ የካድበሪ ቸኮሌትም የወጡት ከዚህ ማኅበረሰብ ነው። ኩዌከሮች ደግሞ መዳን አስቀድሞ ለጥቂቶች ተወስኗል የሚለውን የካልቪን ትምህርት አይቀበሉም።