እጀታ ያላት ካሜራ በመናኸሪያ

ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ሁለት እጅ አይበቃም። ረዳቱ «ዱራሜ! ዱራሜ!» እያለ ይጣራል፣ ቅጥቅጡ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ሻንጣ የተሸከመው ከጎን ይገፋል። እ.ኤ.አ. በ1954 ለገበያ የቀረበችው ላይካ ኤም3 ካሜራ ደግሞ ጫፎቿ የተጠጋጉ፣ ጣት የሚያርፍበት ጉብታ የሌላት ናት።

እጀታ ዋጋው የሚታወቀው እዚህ ነው። ከሥር በትራይፖዱ ቀዳዳ ይታሰርና ጣቶች አጥብቀው የሚይዙት ነገር ይሰጣቸዋል። ሆኖም ላይካ ፊልም የምትጎርሰው በታች በኩል ክዳኗ ተነስቶ ነውና፣ ተራው እጀታ በየ36 ፎቶው መፈታት አለበት። መኪናው ሊነሳ ሲል ብሎን መፍታት! ስለዚህ ክዳኑን ራሱን የሚተካው ዓይነት ይመረጣል። ፍላሽ መሰኪያው ላይ የሚገባው የአውራ ጣት መደገፊያም ፊልም ለመቀየር አያግድም።

ላይካ ሬንጅፋይንደር ካሜራ ናትና፣ ፎቶ አንሺው የሚያየው በሌንሷ ሳይሆን በራሱ በተለየ መስኮት ነው። ከሌንሱ ፊት የሚታሰረው የብርሃን መከላከያ (ሁድ) ትልቅ ከሆነ የምስሉን ጥግ ይከልላል፤ ጎኑ የተሸነቆረ ሁድ የሚሠራው ለዚሁ ነው። የሌንስ ክዳን ሳያነሱ ቢተኩሱም መስኮቱ ምንም አይናገርም፣ ባዶ ፊልም ይቀራል እንጂ። በበጋ አቧራ ክዳን ከመክደንና ከመክፈት፣ ጥርት ያለ ፊልተር አስሮ መተው ይበጃል።

የእጅ አንጓ ማሰሪያው ግን ከውጭ መምጣት የለበትም። ጎበዝ ቆዳ ሰፊ ይሠራዋል፤ የብረት ቀለበቱ ካሜራዋን እንዳይፍቅ ከሥሩ ቁራጭ ቆዳ እንዲያደርግ መንገር ነው።