አንድ ደራሲ፣ ብዙ ስሞች፦ የጆን ዊንድሃም የድርሰት ጉዞ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የብዕርን ስም ግን የሚያወጣው ደራሲው ራሱ፣ አልፎ አልፎም አሳታሚውና ገበያው ነው። ለዚህ አባባል ከእንግሊዛዊው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ደራሲ ከጆን ዊንድሃም የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1903 የተወለደው ይህ ደራሲ ሙሉ ስሙ ጆን ዊንድሃም ፓርክስ ሉካስ ቤይነን ሃሪስ ነው። እርሻን፣ ሕግንና የማስታወቂያ ሥራን ሞክሮ በአንዱም ሳይጸና ወደ ድርሰት ዞረ። በ1931 የመጀመሪያውን ሳይንሳዊ አጭር ልብ ወለዱን በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ያወጣው ጆን ቤይነን ሃሪስ በሚል ስም ነበር። ከዚያም ጆን ቤይነን ሆነ፤ ለአንዳንድ አጫጭር ሥራዎቹ ደግሞ ዊንድሃም ፓርክስ፣ ጆንሰን ሃሪስ ተባለ። ልብ ሊባል የሚገባው ከእነዚህ ስሞች አብዛኞቹ ከገዛ መጠሪያው ተቆርሰው የወጡ መሆናቸው ነው። ስለዚህ ስሞቹን እንደ መሸሸጊያ ጭምብል ብቻ ማየት ስሕተት ይሆናል። ይልቁንም ደራሲው የራሱን ድምፅ ፍለጋ ያደረገውን ሙከራ ያመለክታሉ።

በጆን ቤይነን ስም በ1935 የወጣው «ምስጢራዊው ሕዝብ» የሰሐራን በረሓ ባሕር ለማድረግ በተወጠነ ዕቅድና ከምድር በታች በሚኖር ሕዝብ ላይ የተመሠረተ የጀብዱ ታሪክ ነው። በዚያው ዓመት የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ፣ በ1936 ደግሞ ወደ ማርስ የሚደረግ ጉዞን የሚተርክ መጽሐፍ አሳተመ። በነዚህ ሥራዎች ውስጥ ድርጊት ሞልቷል፤ ሰው ግን ጎድሏል። ገጸ ባሕርያቱ የታሪኩን ሸክም ከማጓጓዝ ያለፈ ሕይወት የላቸውም።

ለውጡ የመጣው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በጦርነቱ ጊዜ በመጀመሪያ በሳንሱር ሠራተኛነት፣ ቀጥሎም በመገናኛ ክፍል ወታደርነት አገልግሎ ኖርማንዲ ድረስ ዘምቷል። ወደ ሃምሳ ዓመት ሲቃረብ፣ በ1951፣ «የትሪፊዶች ቀን» በጆን ዊንድሃም ስም ታተመ። በዚህ ልብ ወለድ የሰው ልጅ አብዛኛው በአንድ ሌሊት ይታወራል፤ ለዘይታቸው ሲባል በየእርሻው ይረቡ የነበሩ፣ የሚራመዱና መርዝ ያላቸው ተክሎችም ይሠለጥኑበታል። የመጽሐፉ ኃይል ግን ከተክሎቹ አይመነጭም። የሚያዩት ጥቂቶች ለማያዩት ብዙኃን ምን ግዴታ አለባቸው? የሚለው ጥያቄ ነው አንባቢን ዕረፍት የሚነሣው። አንዱ ወገን የሚያየውን ሰው ከዕውሮች ጋር በሰንሰለት አስሮ ሊያስመራ ይሞክራል፤ ሌላው ብዙኃኑን ትቶ አዲስ ማኅበር ሊመሠርት ይነሣል።

ደራሲውና ሐያሲው ብራያን አልዲስ በ1973 ባወጣው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ታሪክ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ «የምቾት ጥፋት» ሲል ነቅፎታል። ዓለም ሲፈርስ ዋናው ገጸ ባሕርይ ደኅና ኑሮ ይገጥመዋል ማለቱ ነው። ነቀፌታው ለ«ትሪፊዶች» በከፊል እውነትነት አለው። ለ1955ቱ «ክሪሳሊድስ» ግን ፈጽሞ አይሆንም። በዚህ ሥራ፣ ከኒውክሌር ጥፋት በኋላ በላብራዶር የሚኖር ኅብረተሰብ ከተወሰነው መልክ የወጣን ፍጡር ሁሉ ያሳድዳል። ስድስት የእግር ጣት ያላት ሕፃን እንኳ ከማሳደዱ አታመልጥም።

በእኔ አስተያየት የዊንድሃም ታላቅ ሥራ ይህ ነው፤ ታላቅ ጉድለቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ተሳዳጆቹን ለማዳን ከሩቅ አገር የምትመጣው ሴት፣ አሳዳጆቹን ያለ ጸጸት ትፈጅና ድርጊቷን በተፈጥሮ ሕግ ታመካኛለች። «እኛ የበለጥን ነን» የሚለው የአሳዳጆቹ መከራከሪያ በአዳኟ አፍ ተመልሶ ይመጣል። ደራሲው ይህን ተቃርኖ አይቶ በአንባቢው ሕሊና ላይ ጥሎት ይሆን? ወይስ ራሱም በንግግሯ አምኖበት ይሆን? መጽሐፉ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። ታሪኩን ከጀብዱ በላይ የሚያደርገውም ይህ ያልተፈታ ቋጠሮ ነው።

የስሞቹ ታሪክ መደምደሚያ ፈገግ ያሰኛል። በ1959 የታተመው «የወደ ውጭ ግፊት» የአንድ ቤተሰብ ትውልዶች በኅዋ ምርምር ያደረጉትን ተጋድሎ ይተርካል። አንባቢ ከለመደው የዊንድሃም አጻጻፍ ስለ ራቀ፣ በሽፋኑ ላይ ጆን ዊንድሃምና ሉካስ ፓርክስ የሚሉ ሁለት ስሞች ሰፈሩ። ሁለቱም አንድ ሰው ነበሩ! ገበያው አንድን ደራሲ በአንድ ዓይነት መልክ ብቻ ሲፈልገው፣ ደራሲው ራሱን ለራሱ ረዳት አድርጎ ቀጠረ።

ዊንድሃም በ1968 «ቾኪ»ን አሳትሞ በ1969 ዐረፈ። ከድካሙ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስም መለወጥ ብቻውን ብዕርን አይለውጥም። ጆን ቤይነን ስለ ሩቅ ዓለማት ጻፈ፤ ጆን ዊንድሃም ግን ሩቁን ዓለም ወደ ጎረቤቱ ደጃፍ አመጣው፤ በዚያም ሰውን አገኘ።