ኮምፒዩተር የሚያነበው ዋቢና የአባት ስማችን

በአማርኛ መጻሕፍት የዋቢ ዝርዝር ደራሲው በራሱ ስም ይቀመጣል፤ የአባቱ ስም ይከተላል። የዛሬ ጥናታዊ ጽሑፎች ዋቢ ግን ከአንባቢ አስቀድሞ የሚነበበው በኮምፒዩተር ነው። ኮምፒዩተሩም ስምን የሚቀበለው በሁለት ሣጥን ከፍሎ ነው፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ ሌላው ለግል ስም። ሜድላይን፣ አር.አይ.ኤስ.ና ቢብቴክ የተባሉት የአመዘጋገብ ሥርዓቶች ሁሉ በዚሁ ልማድ የተቀረጹ ናቸው።

አበበ ከበደና አስቴር ከበደ የሚባሉ ወንድምና እህት ሐኪሞች አሉ እንበል። በቫንኩቨር ሥርዓት ሁለቱም «ከበደ ኤ» ይሆናሉ። ዝምድና የሌላቸው የሌሎች ከበደዎች ልጆችም እዚያው ይታጨቃሉ። በአንጻሩ ሌላ መጽሔት «አበበ ኬ» ብሎ ከመዘገበው አንዱ ሐኪም ለሁለት ይከፈላል። ምናልባት አንድም መስመር ያልጻፉት አባት አቶ ከበደ ግን የዓለም የሕክምና መጽሔቶች ተጠቃሽ ይሆናሉ! የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም የራሱን ሥራዎች በአባቱ ስም ቢፈልግ ግማሹን ብቻ አግኝቷል። ጥፋቱ የማሽኑ ብቻ አልነበረም፤ ቅጹን ሲሞላ አንድ ጊዜ አንዱን፣ ሌላ ጊዜ ሌላውን ስም ያስቀደመው ራሱ ነው። ለደረጃ ዕድገት የሥራ ዝርዝር ለሚያቀርብ መምህር፣ ቀደም ሲል የተደረጉ ጥናቶችን አሟጦ ለመሰብሰብ ለሚጥርም ተመራማሪ ጉዳዩ ቀላል አይደለም።

የሚያስቆጨው መፍትሔው ሩቅ አለመሆኑ ነው። ጃትስ የተባለው የመጽሔት ጽሑፎች መመዝገቢያ፣ እንደኛው በአባት ስም ለሚጠሩት አይስላንዳውያን የተለየ ምልክት አበጅቷል። በቢብቴክ ሙሉ ስም በተጨማሪ ቅንፍ ሲታሰር፣ በኢንድኖት ደግሞ ከሙሉ ስም በኋላ ኮማ ሲደረግ ስሙ ሳይገለበጥ ይቀመጣል። (እርግጥ የኢንድኖቱ ዘዴ ለድርጅቶች የታሰበ በመሆኑ ሐኪሙ ራሱን እንደ መሥሪያ ቤት ያስመዘግባል።) በ2012 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኦርኪድም ለእያንዳንዱ ተመራማሪ 16 አኃዝ ያለው መለያ ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ ቀድሞ የወጡትን ጽሑፎች ከመለያው ጋር ማያያዝ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

የዘመን አቆጣጠራችንም ከዚሁ ችግር አላመለጠም። በ2010 ዓ.ም. የወጣ የሕክምና መመሪያ በዓመት ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ «2010» ተብሎ ሲገባ በአንድ ጊዜ 7 ወይም 8 ዓመት ያረጃል፤ የውጭ ገምጋሚም ጊዜ ያለፈበት ማስረጃ ነው ብሎ ሊጥለው ይችላል።