ዕጣ ለደረሳቸው መልስ ሰጪዎች

በግብርና ናሙና ጥናት ጊዜ ቆጣሪው ማሳ ዳር የሚደርሰው አዝመራው ሲደርስ፣ ገበሬው ፋታ ሲያጣ ነው። ያም ሆኖ ገበሬው በዕጣ የተመረጠችው ቁራሽ መሬት በገመድ ተከልላ፣ ጤፏ ለብቻ ታጭዶና ተወቅቶ እስኪመዘን ይታገሳል። «ግብር ሊጨምሩብኝ ይሆን?» ብሎ መጠርጠሩ አይቀርም፤ አይፈረድበትም። የአገሪቱ የእህል ምርት ግምት ግን የሚነሳው ከዚህች ቁራሽ ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ አንዲት እናት ለዘይቱ፣ ለበርበሬው፣ ለቤት ኪራዩ ስንት እንዳወጣች ለቆጣሪው አንድ በአንድ ትዘረዝራለች። የዋጋ ግሽበት ሲሰላ ለምግብና ለኪራይ የሚሰጠው ክብደት የሚወጣው ከእንዲህ ዓይነቱ የቤተሰብ ፍጆታ ጥናት ነው። የኪስን ነገር ለጎረቤት እንኳ በማናወራበት አገር፣ ለማያውቁት ሰው ይህን መዘርዘር እንደ ቀላል ነገር አይታይም።

የሕዝብና ቤት ቆጠራ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ሕፃን እንደቀነጨረ፣ ስንት እናት ጤና ጣቢያ እንደወለደች የምናውቀው በአብዛኛው ለናሙና ጥናት በራቸውን ከከፈቱ ጥቂት ሺህ ቤቶች ነው። እነሱ እምቢ ቢሉ በወሬ እንመራ ነበር። መልስ መስጠት ክፍያ የለውም፤ እንዲያውም ቆጣሪው ቡና ሳይጠጣ እንዲወጣ የሚፈቅዱለት ስንቶቹ ናቸው?