ይቺን ሴት ተመልከቷት!

አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። ባለ አረንጓዴ መስመር የፒጃማ ሱሪና ሮዝ ካናቴራ ለብሳለች፤ ሲጋራ በከንፈሯ ይዛለች፤ እግሯ አጠገብ ሁለት መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ዙሪያዋን ሰማያዊው አበባማ ጨርቅ ሞልቶታል። ሰውነቷ ሞላ ያለ፣ ክንዷ ደንደን ያለ ነው። ወደ እኛ አታይም፤ ጉዳይዋም አይደለንም! ፈረንሳዊቷ ሠዓሊ ሱዛን ቫላዶን በፈረንጆቹ 1923 የሣለችው «ሰማያዊው ክፍል» ይህ ነው። ካየሁት ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «አይተኸዋል? አይተሽዋል?» እያልኩ እጨቀጭቃለሁ።

የተጋደመች ሴት መሣል በአውሮፓ የዘመናት ልማድ ነው። ቲሲያን ሥሏታል፣ አንግርም ሥሏታል፤ ገላዋ ለተመልካች ተዘርግቶ፣ የሚያያት ሰው እንዲመቸው ሆና። ቫላዶን ያንኑ አልጋ፣ ያንኑ አጋደም ወሰደችና ሴትዮዋን ሱሪ አለበሰቻት። ማንም ደስ እንዲለው አላስተኛቻትም። ሴትዮዋ እያረፈች ነው፣ በቃ! ደግሞ እንዴት ታምራለች!

ይህን ሊሥል የሚችለው በሠዓሊ ፊት ሲታይ የኖረ ሰው ነው፤ ቫላዶን ደግሞ ኖራበታለች። በ1865 አባቷ ሳይታወቅ ተወለደች፤ እናቷ ልብስ እያጠበች በፓሪሱ ሞንማርትር ሰፈር አሳደገቻት። ሰርከስ ገብታ ወደቀችና ያ ሥራ ቀረ። ከዚያ ለሠዓሊዎች ሞዴል ሆነች። በሬኗር «ዳንስ በቡዢቫል» ላይ የምትደንሰው እሷ ናት፤ ቱሉዝ ሎትሬክ መጠጥ ፊቷ አስቀምጦ የሣላትም እሷን ነው። አንዱ ጋ ለምለም ኮረዳ፣ ሌላው ጋ የደከማት ሴት! እሷ ግን ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ እጃቸውን እያየች ሥዕልን ተማረች። የሥዕል ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳትረግጥ! በቀላሉ የማይደሰተው ሠዓሊው ደጋ እንኳ ንድፎቿን ለራሱ ገዛ።

ከሁሉ የገረመኝ ፍትወትን የሣለችበት ድፍረት ነው። በ1909 «አዳምና ሔዋን»ን ስትሥል ሔዋን ራሷ ናት፤ አዳም ደግሞ በ21 ዓመት የሚያንሳት ፍቅረኛዋ አንድሬ ኡተር። ሁለቱም እርቃናቸውን፣ ጎን ለጎን! የአርባዎቹ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት የምትወደውን ወንድ ገላ ሣለች፤ የራሷንም ደስታ ሳትደብቅ አብራ ሣለች። በኋላ ሥዕሉ ለሕዝብ ይታይ ሲባል አዳም ላይ ቅጠል ተጨመረበት። ሔዋንን ግን ማንም ይሸፍናት አላለም! የሴት እርቃን የለመደ ዓይን የወንዱን ሲያይ ደነገጠ። እሷ አልተመለሰችም፤ በ1914 ኡተርን መረብ ሲጥል ከሦስት አቅጣጫ፣ በአንድ ሸራ ላይ፣ ሦስት ጊዜ እርቃኑን ሣለችው።

ለረጅም ጊዜ ከእሷ ይልቅ ስሙ የገነነው ልጇ ሞሪስ ኡትሪዮ ነበር። የልጁን የሞንማርትር ጎዳናዎች እወዳለሁ፤ ግን እናቱ ጋ አይደርስም፣ አይደርስም!

እባካችሁ የ1931ዱን የራሷን ምስል ሳታዩ አትለፉ። ዕድሜዋ ስልሳ አምስትን አልፏል፤ ደረቷ ተገልጧል፤ ጡቶቿ እንደወደቁ ናቸው። አንድም ነገር አላሳመረችም፤ ለማሳዘንም አልሞከረችም። ያ ወፍራም ጥቁር መስመሯ ትከሻዋን ሲዞር አይታችሁ በእርጋታ መቀመጥ ከቻላችሁ እኔ አላውቅም። መጀመሪያ መስመሩን እዩ፤ ቀለሙ ቀጥሎ ይመጣል።