ስውሩን ሥራ ስለ መመዘን

በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ፣ ከአያትም ወደ ጦር ኃይሎች ሲመላለስ የሚያይ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው በፉርጎው ቀለምና በጣቢያው ጣሪያ፣ ቀና ካለም ከምሰሶ ወደ ምሰሶ በተዘረጋው ሽቦ ላይ ነው፤ ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያጓጉዘውን ኃይል የዘረጋው መሐንዲስ በሙያው የታመነ ይሁን ወይም ግዴለሽ፣ ከዚህ ገሃድ መልክ ተነሥቶ ሊፈርድ ግን አይቻለውም። ከሥራው የሚበልጠው እጅ በኮንክሪት የተሸፈነ፣ በአፈር የተቀበረ፣ ወይም በብረት ሣጥን ውስጥ ተዘግቶ የተቆለፈ ነውና። ስለዚህ የባቡርን የኃይል ሥራ መልካምነት ለይቶ ማወቅ የሚሻ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ ይሁን ጀማሪ መሐንዲስ፣ ወይም ነገሩን በፍቅር የሚከታተል አንባቢ፣ አስቀድሞ ዓይኑን ከሚያብረቀርቀው መልሶ ወደ ስውሩ ማቅናትን ሊለምድ ይገባዋል።

ለዚህም የኮረንቲውን ጉዞ ከመነሻው እስከ መመለሻው በልቡና መከተል ያስፈልጋል። ማከፋፈያ ጣቢያው ከከተማው የኃይል መረብ በብዙ ሺህ ቮልት የሚቀበለውን ተለዋዋጭ ኮረንቲ ትራንስፎርመሩ ዝቅ ያደርገዋል፤ ሬክቲፋየሩ ወደ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለውጠዋል፤ ከዚያም በብሬከርና በወፍራም ኬብል አልፎ ወደ ላይኛው ሽቦ ይወጣል፤ በባቡሩ ጣሪያ ላይ ያለው ፓንቶግራፍ ሽቦውን እየታከከ ይቀበለዋል፤ ሞተሩን ካዞረ በኋላም በመንኰራኵሩ በኩል ወርዶ፣ ሐዲዱን መንገድ አድርጎ ወደ ወጣበት ጣቢያ ይመለሳል። እንግዲህ የመሄጃው መንገድ ጉድለት ራሱን በራሱ ይከሳል፤ ሽቦው ቢበጠስ ባቡሩ ይቆማል፣ ሕዝቡ ያጉረመርማል፣ ጥገናውም በዚያው ሰዓት ይጀመራል። የመመለሻው መንገድ ጉድለት ግን ዝም ይላል፤ ሐዲዱን ከመሬት የሚለየው ጎማ ቢቀደድ ወይም ቢዘነጋ ባቡሩ እንደ ወትሮው ይሄዳልና ከሳሽ አይገኝም። ከዚህ የተነሣ የአዋቂዎች የመጀመሪያ ሕግ፣ ሠራተኛ የሚመዘነው፣ ቢበላሽ ለብዙ ዓመት ሳይታወቅ በሚኖረው ሥራው ነው የሚል ነው።

የዝምታው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። ከሐዲዱ ያመለጠ ቀጥተኛ ኮረንቲ በአቅራቢያው ያለውን የብረት የውኃ ቱቦ ወይም የድልድዩን ፌሮ አቋራጭ አድርጎ ይጓዛል፤ ብረቱን ትቶ ወደ እርጥቡ አፈር በሚወጣበትም ስፍራ ብረቱን እያሟሟ ይወስደዋል። በፋራዴይ ሕግ ቢሰላ አንድ አምፔር ብቻ ዓመት ሙሉ ሲያመልጥ 9 ኪሎ ግራም ያህል ብረት ይበላል፤ አንድ ባቡር ሲነሣ የሚስበው ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ነው። ስለዚህ መርማሪው ጎንበስ ብሎ ከሐዲዱ ሥር ያለውን ጎማና የማሰሪያውን ልባስ አንድ በአንድ ይመለከታል፤ በመካከላቸው ጭቃ፣ የብየዳ ቅሪት ወይም የብረት ብናኝ ተጋግሮ ለኮረንቲው ድልድይ ሆኖት እንደ ሆነ ያያል፤ ሐዲዱ ከአስፋልት ጋር በሚጋጠምባቸው የመኪና መሻገሪያዎች ላይ ውኃ እንዳይተኛ ማፋሰሻ መኖሩን ይጠይቃል። ብልህ መሐንዲስ የሐዲዱንና የመሬቱን መለያየት በየክፍሉ ለክቶ አንዱ ክፍል መልካም መሆኑ ሳይረጋገጥ ቀጣዩን አያጋጥምም፤ መስመሩ በሙሉ ከተጋጠመ በኋላ የሚገኝ ጉድለት በየትኛው ስፍራ እንደ ሆነ ፈልጎ ማግኘት እጅግ አድካሚ መሆኑን ያውቃልና።

ሆኖም አንዱ መመዘኛ ለሁሉም መስመር አይሠራም። ከሰበታ ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የሚዘልቀው ባቡር የሚንቀሳቀሰው በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ ነው፤ በእንዲህ ያለው መስመር አጠገብ በሚገኝ ረጅም ሽቦና የብረት አጥር ላይ ማንም ሳያገናኘው ቮልቴጅ ያድርበታልና፣ ሐዲዱን፣ ምሰሶውንና አጥሩን ከመሬት ጋር ማያያዝ ነፍስ የሚያድን ጥንቃቄ ነው። ያው ባለሙያ በዚያው ልማዱ የ750 ቮልቱን መስመር ሐዲድ ከመሬት ጋር በቋሚነት ቢያስር ግን ለሚያመልጠው ኮረንቲ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተለት ማለት ነው፤ በዚህኛው መስመር ሐዲዱ ከመሬት የሚያያዘው ቮልቴጁ ለሰው አስጊ በሆነ ጊዜ ብቻ፣ ለዚሁ በተሠራ መሣሪያ አማካይነት ነውና። ልማድን ከምክንያቱ ለይቶ ያወቀ መሐንዲስና ልማድን ብቻ የወረሰ መሐንዲስ የሚለዩት በእንዲህ ያለው ስፍራ ነው፤ «ይህን ስለ ምን እንዲህ አደረጉት?» ተብሎ ሲጠየቅ የመጀመሪያው የኮረንቲውን መንገድ በጣቱ እያመለከተ ያስረዳል፣ ሁለተኛው በፊት የሠራበትን ፕሮጀክት ይጠራል።

የማከፋፈያ ጣቢያው የመሬት ማያያዣም ከተቀበረ በኋላ የሚመሰክርለት የልኬቱ ወረቀት ብቻ ነው፤ ወረቀቱን የሚያነብ ሰው ግን ከቁጥሩ አስቀድሞ ቀኑን ይመልከት። በነሐሴ፣ ምድር ውኃ በጠገበችበት ወራት የተለካ የመሬት ማያያዣ ሁልጊዜ መልካም ይመስላል፤ እውነተኛው ፈተና በበጋው መጨረሻ፣ አፈሩ በደረቀ ጊዜ ነው። መረሬ አፈር ደግሞ በክረምት አብጦ በበጋ እየተሰነጠቀ ከተቀበረው ዘንግ ስለሚሸሽ፣ በእንዲህ ያለ መሬት የሚሠራ ትጉህ ሰው ዘንጉን ከሚሰነጠቀው ንብርብር አሳልፎ ያሰርጋል፣ በሁለቱም ወራት ይለካል፣ ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የክረምቱን ብቻ የሚያሳይ መዝገብ ግማሽ ምስክርነት ነው።

ከዚህ ሙያ ከሁሉ ይልቅ የእጅ ጥበብን የሚጠይቀው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኬብልን ጫፍ ማዘጋጀት ነው። ኬብሉ በመሐሉ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም አስኳል፣ በአስኳሉ ላይ ወፍራም የፕላስቲክ ልባስ፣ በልባሱም ላይ ኮረንቲን በመጠኑ የሚያስተላልፍ ስስ ጥቁር ሽፋን አለው፤ ብራና ፋቂ ቆዳውን ሳይበሳ ሥጋውን ብቻ አንሥቶ እንደሚያነጻው፣ የኬብል ባለሙያውም ይህን ጥቁር ሽፋን በተወሰነው ልክ ሲገፍ ከሥሩ ያለውን ልባስ ሊነካው አይገባም። ቢላዋው የፀጉር ያህል እንኳ ቢጭረው በጭረቱ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት አየር ቀንና ሌሊት ጥቃቅን ፍንጣሪ እየፈነጠቀ ልባሱን ይበላዋል፤ ያ ኬብል በርክክቡ ዕለት ፈተናውን አልፎ፣ ምስጋናና የክፍያ ሰነድ ካገኘ ከብዙ ዓመት በኋላ ይፈነዳል። ስለዚህ አዋቂው ተቆጣጣሪ በዚህ ስፍራ ብዙ አይጠይቅም፤ ቆሞ እጅን ያያል። የኬብሉ ጫፍ እስከ ሥራው ሰዓት ተሸፍኖ ቆይቷልን? ባለሙያው በነፋስና በካፊያ ጊዜ ድንኳን ተክሎ ይሠራልን፣ ወይስ ይቸኩላል? ልባሱን ሲወለውልስ ጨርቁን ከንጹሑ ልባስ ወደ ጥቁሩ ሽፋን ብቻ ይወስዳልን፣ ወይስ ወዲያና ወዲህ እያመላለሰ የጥቁሩን ብናኝ ወደ ንጹሑ ይመልሰዋል? በጨርቁ አቅጣጫ ብቻ የአንድን ሰው የሥልጠና ዘመን ማንበብ ይቻላል።

ከእጅ ቀጥሎ መዝገብ ይመረመራል። ብሎን በልኩ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው እስከ ብረቱ ድረስ አንድ የቀለም መስመር ይሰመርበታል፤ ቢላላ መስመሩ ተሰብሮ ይታያል። ነገር ግን ቀለምን ማንም ሊቀባ ስለሚችል፣ መርማሪው ጥቂት ብሎኖችን በራሱ ምርጫ ለይቶ የጥብቀቱን ልክ በሚያሳየው መፍቻ በፊቱ ያስፈትናል። የመጋጠሚያዎች ልኬት በተጻፈበት ገጽ ላይ ሁሉም ቁጥሮች እስከ መጨረሻው ነጥብ አንድ ዓይነት ሆነው ከተገኙ ደስ ሊለው አይገባም፤ እውነተኛ መለኪያ በእውነተኛ መጋጠሚያ ላይ ጥቂት ልዩነት ያሳያል፣ ፍጹም አንድ የሆነ ዓምድ ግን ብዙ ጊዜ በቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ ሐሰተኛ ምስክር ነው። ሜገር በሚባለው መለኪያ የተደረገ የልባስ (የኢንሱሌሽን) ፈተናም የተፈተነበት ቮልቴጅ፣ የቆየበት ጊዜ፣ የዕለቱ ሙቀትና እርጥበት ካልተጻፈበት ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም። አንድ መልካም ያልሆነ ውጤት፣ ከጎኑም የተወሰደው እርምት፣ ከዚያም የድጋሚው ፈተና በግልጽ የሰፈሩበት መዝገብ ጉድለት የሌለበት ከሚመስለው መዝገብ ይልቅ ሊታመን ይገባዋል።

ላይኛው ሽቦ ለሁሉ ስለሚታይ ብዙ አያዘገየንም፤ ሆኖም በገሃዱም ውስጥ ስውር አለ። ሽቦው ከሐዲዱ መካከል ጥቂት ወደ ግራ ጥቂት ወደ ቀኝ እያለ መዘርጋቱ የፓንቶግራፉ ካርቦን በአንድ ስፍራ ብቻ እንዳይበላ ታስቦ ነው፤ 700 ሜትር የሚሆን የመዳብ ሽቦ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲለወጥ 36 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚረዝም፣ በጫፉ የሚጎትተው ክብደት በሙቀትም በቅዝቃዜም የሚወርድበትና የሚወጣበት በቂ ስፍራ ሊኖረው ይገባል። ከዚህም በቀር የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች የአቅም ልክ እንደ ወትሮው የሚወጣው ለ1000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናትና ስስ አየሯ የሚከላከለውም የሚያቀዘቅዘውም ባነሰ አቅም ነው። ስለዚህ «ለዚህ ከፍታ ብለው በመከላከያው የአየር ርቀት ላይ ምን ያህል ጨመሩ? ከጭነቱስ ምን ያህል ቀነሱ?» ብሎ መጠየቅ፣ ሥራው ለዚህች አገር ታስቦ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ የሚያስችል ጥሩ ጥያቄ ነው።

ከሥራው አልፎ ሠሪውን መመልከትም ተገቢ ነው። መልካም የሳይት መሐንዲስ ሰውን ወደ ሽቦው ከማስጠጋቱ በፊት ኃይሉን ያስጠፋል፣ ይቆልፋል፣ ቁልፉንም በራሱ እጅ ይይዛል፤ ኃይል አለመኖሩን በቃል ሳይሆን በመፈተኛው ያረጋግጣል፤ ከሥራው ስፍራ በግራና በቀኝ ሽቦውን ከሐዲዱ ጋር ያያይዘዋል፤ ይህንንም ሥርዐት ለአለቃ ጉብኝትም ለሌሊት ፈረቃም ሳያጎድል ይፈጽማል። ኬብሉ በሥዕሉ ላይ ከታሰበው መንገድ ዞሮ ቢቀበር የዞረበትን በዚያው ዕለት በቀይ ቀለም በሥዕሉ ላይ ያሰፍራል፤ ኋላ በዚያ ስፍራ የሚቆፍረው ሰው ሕይወት በዚያች ቀይ መስመር ላይ የተንጠለጠለ መሆኑን ያውቃልና። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈተነው በኮንክሪት ሙሌቱ ዋዜማ ነው፤ የኮንክሪቱ መኪና በር ላይ ቆሞ በርሜሉ እየዞረ፣ ኮንትራክተሩ እየወተወተ፣ ከፌሮው ማያያዣዎች አንዱ ሳይበየድ ቀርቶ በተገኘ ጊዜ፣ «ይቁም» የሚለውን ቃል ሳይቈጣና ሳያመነታ ለመናገር የሚያበቃ ኅሊና ያለው ሰው ነው የሙያው ባለቤት።

እንግዲህ ሥራ የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች ለምርቃቱ ቀን ከሚያደርጉት ዝግጅት እኩሌታውን ለዚህ ዋዜማ ቢያደርጉት ይበጃል፤ ይኸውም ዐዋቂ ተቆጣጣሪያቸውን ጉድጓዱ ሳይደፈን፣ ሣጥኑ ሳይቆለፍ፣ ጫፉ ሳይሸፈን በስፍራው እንዲገኝ ቢያደርጉ፣ ሥራውን ያስቆመውንም መሐንዲስ እንደ እንቅፋት ሳይቆጥሩ ስሙን በክብር ቢመዘግቡት ማለት ነው። መልካም ሥራን ለይቶ የሚያውቅ ዓይን በሚገኝበት ስፍራ መልካም ሠራተኛ ይበረታል፤ የሚያውቅለት በሌለበት ግን ትጉሁና ግዴለሹ ከተሸፈነው ኮንክሪት በላይ ቆመው እኩል ይመሰገናሉ፣ ልዩነቱንም ከብዙ ዓመት በኋላ ቱቦውና ፌሮው ይከፍሉታል።