ስለ ቀረጥ ተመላሽ የቀረበ ሒስ

የውጭ አገር ጥሬ ዕቃ ገዝቶ፣ በአገር ውስጥ ሠርቶ፣ መልሶ ወደ ውጭ የሚሸጥ አምራች የገቢ ቀረጥ ሊከብደው እንደማይገባ ብዙ ሰዎች ይስማማሉ። የሚያከራክረው ግን ሸክሙ መቼና በምን መንገድ ይነሣለት የሚለው ነው። በ2004 ዓ.ም. ስለ ወጪ ንግድ የቀረጥ ማበረታቻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 768 ለዚህ ልዩ ልዩ መንገዶችን ዘርግቷል። ከእነዚህ ሦስቱን እንመርምር።

አንደኛው የቀረጥ ተመላሽ ነው። አምራቹ ጥሬ ዕቃው ሲገባ ቀረጡን ይከፍላል፤ ምርቱን ወደ ውጭ ልኮ ማስረጃ ሲያቀርብ ይመለስለታል። ዕቃው ተደብቆ በአገር ውስጥ ቢሸጥ እንኳ ቀረጡ አስቀድሞ ስለ ተከፈለ፣ ይህ መንገድ የመንግሥትን ገቢ በሚገባ ይጠብቃል። ነገር ግን 100,000 ብር ከፍሎ ከወራት በኋላ 100,000 ብር የተቀበለ ሰው በእርግጥ ገንዘቡ ተመልሶለታልን? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ57 ብር ግድም ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ከፍሎ ከዚያ በኋላ የተመለሰለት አምራች የብሩ ቁጥር አልጎደለበትም፤ በብሩ ከውጭ የሚያስመጣው ዕቃ ግን ወደ ግማሽ ወርዷል።

ሁለተኛው የቫውቸር መንገድ ነው። ቀረጡ በጥሬ ገንዘብ አይከፈልም፤ በቫውቸሩ ላይ እንደ ዕዳ ተመዝግቦ ምርቱ ሲወጣ ይወራረዳል። ስለዚህ ገንዘቡ ከሥራ አይወጣም። ሆኖም ለእያንዳንዱ ምርት ምን ያህል ጥሬ ዕቃ እንደ ገባ በመዝገብ ማስረዳት ስለሚያስፈልግ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ለሌለው አነስተኛ ጫማ ሠሪ አይቀልም።

ሦስተኛው የጥሬ ዕቃ አቅርቦት ቦንድድ መጋዘን ነው። አስመጪው ቀረጥ ሳይከፍል ያከማቸውን ዕቃ የማበረታቻው ተጠቃሚ ለሆነ አምራች ይሸጣል። ጫማ ሠሪው ራሱ አስመጪ መሆን ሳያሻው የሚበቃውን ያህል ሶልና ማስቲሽ ሊገዛ ይችላል።

በእኔ አስተያየት አነስተኛውን አምራች ይበልጥ የሚረዳው ይህ ሦስተኛው ነው። የመንግሥት ገቢ ይጠበቅ ማለት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የጥበቃው ወጪ በሙሉ በአምራቹ ላይ ከወደቀ፣ ተመላሹ «ላም አለኝ በሰማይ» ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጉዳይ ጥናት የምንጽፍ ተማሪዎች ምን ያህል ብር እንደ ተመለሰ ብቻ ሳይሆን፣ ከተከፈለበት እስከ ተመለሰበት ስንት ቀን እንዳለፈም ልንቆጥር ይገባናል።